ማንም ያልዘራቸው ቲማቲምና ዱባዎች፦ ከየት መጥተው ነው ሜዳ ላይ የሚበቅሉት?

የእግር መንገድ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። በእረፍት ቀን ከከተማ ወጣ ብዬ በእግር መሄድ እወዳለሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ዓይኔን እየሳበው ነው። ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ቲማቲም በቅሎ አያለሁ። በአካባቢው እርሻ የለም፣ ቤት የለም። አስፋልት ዳር ደግሞ ቢጫ አበባ ያወጣ ጎመን መሳይ ነገር ተሰልፎ ቆሟል። የአፈር ቁልል ላይ ዱባ ሐረጉን ዘርግቶ ፍሬ ይዟል።

ማን ዘራቸው? በዓመቱ ስመለስስ ለምንድነው የማላገኛቸው? ዝም ብለው ቢተዉ ከጊዜ በኋላ የዱር ተክል ይሆናሉ ወይስ ይጠፋሉ? የምታውቁ አስረዱኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ስለ ጓሮ አትክልት አተካከል ብቻ ነው።

አረም ቆጣሪ

ከቲማቲሙ ልጀምር፣ የሱ ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ምግብ ላይ ያላችሁ ቆይታችሁ አንብቡ።

የቲማቲም ዘር በሰው ሆድ ውስጥ አልፎ በሕይወት ይወጣል። ጨጓራ አይጎዳውም። ከዚያ በፍሳሽ መስመር ሄዶ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል፣ ብዙው እዚያው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት፤ ዝቃጩ በሚደርቅበት ቦታ ቲማቲም መብቀሉ ለእነሱ ብርቅ አይደለም። ዝናብ በዝቶ መስመሩ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ዘሩ ወንዝ ይገባል። ውሃው ሲጎድል ጠጠርና ደለል ላይ ይቀራል። እዚያ ብርሃን አለ፣ እርጥበት አለ፣ የሚሻማው ሣር ገና አልደረሰም። አንተ ያየኸው ቲማቲም በዚህ መንገድ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ዘሩን የሸፈነውን ዝልግልግ ነገር ታውቁታላችሁ። ዘሩ ፍሬው ውስጥ እያለ እንዳይበቅል ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ፍሬው መሬት ላይ ሲበሰብስ ወይም ዘሩ በሆድ ሲያልፍ ይለቃል። ዘር የሚያዘጋጁ ሰዎች የቲማቲሙን ዘር ከነጭማቂው ጥቂት ቀን አቡክተው የሚያጥቡትም ለዚሁ ነው። በጋላፓጎስ ደሴቶች የሚገኘው የዱር ቲማቲም ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዘሩን እንዲሁ ብትዘራው አልበቅልም ብሎ ያስቸግራል። የቲማቲም ተመራማሪው ቻርልስ ሪክ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ዘሩ በግዙፎቹ ኤሊዎች ሆድ ካለፈ በኋላ በደንብ እንደሚበቅል አሳይቷል።

ቅጠል በል

እና እኛም ሳናውቀው ገበሬዎች ነን ማለት ነው 😂

አረም ቆጣሪ

አዎ፣ ደመወዝ የሌለው ገበሬ።

እንዲያውም የሰርትሲን ታሪክ ሰምታችኋል? ከአይስላንድ በስተደቡብ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አዲስ ደሴት ወጣ። ሳይንቲስቶች ባዶ መሬት ላይ ሕይወት እንዴት እንደሚጀምር ለማየት ስለፈለጉ ደሴቱ ተዘጋ። ከጥቂት ተመራማሪ በቀር ማንም አይገባም፣ ዘር ይዞ መግባትም ክልክል ነው። አንድ ቀን ግን ላቫው ላይ ማንም ያልጠበቀው ተክል ተገኘ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ቲማቲም ነው። ለካ ከመካከላቸው አንዱ ሆዱ አልታገሠውም ነበር። ተክሉም ሥሩ ያለበት አፈርም ተነቅሎ ከደሴቱ ወጣ።

የዘር ሳጥን

አረም ቆጣሪ ስለ አመጣጡ ተናግሯል። እኔ «ለምን አይቆዩም» ወደሚለው ልምጣ።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሰው ጋር ከሌላ ቦታ የመጡ ተክሎችን በሦስት ደረጃ ያያሉ። አንዳንዱ አላፊ እንግዳ ነው። ይበቅላል፣ ያብባል፣ አንዳንዴ ፍሬም ይሰጣል፤ ግን ራሱን መተካት አይችልም። በየጊዜው አዲስ ዘር ካልመጣለት ይጠፋል። ሌላው ያለ ሰው እርዳታ ዓመት ከዓመት ራሱን የሚተካ፣ መሬቱን የለመደ ነው። ሦስተኛው ወራሪው ነው፤ ከመጣበት ቦታ ርቆ በብዛት ይሰራጫል። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ አንድ የታወቀ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ተቀምጦ ዛሬም ይሠራበታል። ሜዳ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አትክልቶች ከመጀመሪያው ጎራ አያልፉም።

ለምን ቢባል፣ ዱር ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ነገር እኛው አውልቀንባቸዋል። የዱር ተክል ዘር በአንድ ጊዜ አይበቅልም። ገሚሱ ዘንድሮ፣ ገሚሱ ከርሞ፣ ገሚሱ ከዚያም በኋላ ይበቅላል። ድርቅ ወይም ውርጭ ቢመጣ ሁሉም አያልቅም። ገበሬ ግን የዘራው ሁሉ እኩል እንዲበቅልለት ይፈልጋል። ስለዚህ በሺዎች ዓመታት ውስጥ የዘገየው ዘር እየቀረ፣ የፈጠነው እየተመረጠ መጣ። መራራው ተጥሎ ጣፋጩ ቀረ። እሾሃሙ ተጥሎ ለስላሳው ቀረ። ይህን ያጣ ተክል ከብት፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ ሲመጣበት መከላከያ የለውም። ጥቅል ጎመንን አስቡት እስቲ። ራሱን ጠቅልሎ አበባው እንኳ ቅጠሉን ሰንጥቆ ለመውጣት ይታገላል። ይህን የፈለገው ሰው ነው፣ ለተክሉ ምንም አይጠቅመውም።

በዚህ ላይ የአየሩ ነገር አለ። ቲማቲም፣ ዱባና ድንች ውርጭ አይችሉም። ብርድ ባለበት አገር ክረምቱ ሲገባ ጉዳያቸው ያልቃል። ውርጭ በሌለበትም ቢሆን ያ ባዶ ጠጠር በዓመቱ በሣር ይሸፈናል። ወንዙ ራሱ ጠራርጎ ሊወስደውም ይችላል።

ተከራካሪው

የዘር ሳጥን፣ ከአክብሮት ጋር አልስማማም። አትክልት ዱር ገብቶ መኖር አይችልም ካልክ ካርዱንን ምን ልታደርገው ነው?

ለማያውቁት፦ ካርዱን የቅጠሉ ዘንግ የሚበላ እሾሃማ አትክልት ነው፣ ከአርቲቾክ ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተወሰደ። ቻርልስ ዳርዊን በ1830ዎቹ ዩራጓይን ሲያቋርጥ ይህ ተክል በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ማይል ሸፍኖ ሰውም ከብትም ማለፊያ አሳጥቶ አገኘው። ይህ አላፊ እንግዳ ነው?

ሁለተኛ ደግሞ የካሊፎርኒያው ራዲሽ፣ ያ ሥሩ የሚበላው አትክልት። ሰዎች የሚበሉት ራዲሽና የዱር ዘመዱ እዚያ ተዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዲቃላው ሁለቱንም ወላጆቹን ከሜዳው አስወጥቶ ቦታቸውን ወርሷል። ዛሬ በዚያ ግዛት ሜዳ ሙሉ የሚያብበው እሱ ነው። እና «እኛ አዳክመናቸዋል» የሚለው ነገር ሙሉውን አይናገርም።

የዘር ሳጥን

ተከራካሪው፣ ምሳሌዎችህ ትክክል ናቸው። ግን ተመልከታቸው እስቲ። ካርዱን እሾሁን ብዙም አልጣለም፤ ከዱር ዘመዱ ገና አልራቀም። ራዲሹ ደግሞ ያሸነፈው ከዱር ዘመዱ ደም ከቀላቀለ በኋላ ነው። ያ ዲቃላ እኮ የምትበላውን ወፍራም ሥር አያወጣም። የሰው ምርጫ ያመጣውን ትቶ ነው ሜዳውን የያዘው።

የእኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። አንድ አትክልት ሜዳ ላይ ይቆይ እንደሆነ ለመገመት የዱር ዘመዱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ጠይቅ። ካሮት፣ ፓርስኒፕ (ካሮት መሳይ ነጭ ሥር)፣ ቀይ ሥር፣ አስፓራገስ (ለጋ ቡቃያው የሚበላ) ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። አየሩ ከተመቻቸው መመለሻው መንገድ አጭር ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና በቆሎ ግን በጣም ርቀው ሄደዋል።

መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ፓርስኒፕ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምስ በክማን የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ከሜዳ የዱር ፓርስኒፕ ዘር ሰብስቦ ዘራ። ከበቀለው ሥሩ ወፈር ያለውን እየመረጠ ደጋግሞ ዘራ። በ1860 ገደማ «ስቱደንት» የሚባል ዓይነት ለገበያ ደረሰ። እስከ ዛሬም ይሸጣል። ከሜዳ ወደ ጓሮ በዚህ ፍጥነት ከመጣ ከጓሮ ወደ ሜዳ መመለሱ ምን ይገርማል?

ተከራካሪው

ይሄኛውን ተቀብያለሁ። ካርዱንን ግን በቀላሉ አለፍከው። መሬቱን የከፈተለት የከብት ግጦሽ ነው። ባዶ ቦታ ባያገኝ ያን ያህል አይስፋፋም ነበር። የተክሉ ዘር ብቻ ሳይሆን የመሬቱም ሁኔታ ይቆጠር።

የዘር ሳጥን

እሱማ ልክ ነው።

ባለ ተሳቢው

እኔ ሹፌር ነኝ፣ የዕፅዋት ትምህርት የለኝም። ስለ አስፋልት ዳሩ ቢጫ አበባ ግን ልናገር። የዘይት ጎመን ዘር ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ከአሸዋ ብዙም አይተልቅም። የጭነት ሳጥኑ ትንሽ ስንጥቅ ካለው ይንጠባጠባል። ሸራ ብታለብሰውም ኮረኮንች ላይ ይፈሳል። መታጠፊያና ፍጥነት መቀነሻ ላይ ይብሳል። ስለዚህ ያ አበባ በመስመር የቆመው ማንም በመስመር ስለዘራው አይደለም፣ እኛ ስላለፍን ነው። በተለይ ማራገፊያ አካባቢ ሄዳችሁ እዩ።

አረም ቆጣሪ

ባለ ተሳቢው፣ ተመራማሪዎች ያገኙትም ይህንኑ ነው። ጃፓን ዘረመሉ የተለወጠ የዘይት ጎመን ለገበያ አታመርትም፣ ግን ዘሩን ከውጭ ታስገባለች። ወደቦቿ አካባቢና ከወደብ በሚወጡት መንገዶች ዳር በራሱ በቅሎ ተገኝቷል። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 መንገድ ለመንገድ ዳሰሳ ተደርጎ ነበር። ከተመረመሩት የመንገድ ዳር ተክሎች አብዛኞቹ ዘረመላቸው የተለወጠ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ላይ እንዲያውም ሁለት የተለያዩ የፀረ አረም መድኃኒቶችን የመቋቋም ባሕርይ አንድ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ዘር በገበያ አልተሸጠም። እዚያው ሜዳ ላይ ተዳቅለው ነው።

የዘይት ጎመን ዘር ሌላም ጉድ አለው። ሲወድቅ እንቅልፍ የለውም። አፈር ውስጥ ጨለማና ድርቀት ሲያገኘው ግን አዲስ እንቅልፍ ይይዘዋል። ከዚያ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆይና መሬቱ ሲቆፈር ብቅ ይላል። ስለዚህ «ዘንድሮ ማንም አላለፈም፣ ከየት መጣ?» ብላችሁ አትገረሙ።

ማሳ ጠባቂ

እናንተ እንደ ጨዋታ ታወሩታላችሁ። ለእኛ ለገበሬዎች ግን ወፍ ዘራሹ ራስ ምታት ነው።

ድንችን ውሰዱ። የቱንም ያህል ጠንቅቃችሁ ብትቆፍሩ ትንንሹ መሬት ውስጥ ይቀራል። መሬቱ ጠልቆ እስኪቀዘቅዝ ካልበረደ በሚቀጥለው ዓመት በሌላው ሰብል መሃል ይነሳል። ችግሩ ቦታ መሻማቱ ብቻ አይደለም። የድንች ዋግ፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ረሃብ ያመጣው በሽታ፣ በታመመ ድንች ውስጥ ሆኖ ወቅቱን ያሳልፋል። ያ ማንም የማያየው ወፍ ዘራሽ ድንች መጀመሪያ ይታመምና ለጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ያዳርሳል። ሰብል ማፈራረቁ ራሱ ትርጉም ያጣል። ድንች በሌለበት ዓመት ድንች አለ ማለት ነው።

ስኳር የሚወጣው ቀይ ሥር ደግሞ በአውሮፓ ሌላ መዘዝ አለው። ቀይ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ሥር ያወፍራል፣ በሁለተኛው ያብባል። ባሕር ዳር የሚበቅለው የዱር ዘመዱ ግን በዚያው ዓመት ማበብ ይችላል። ዘር በሚባዛበት አካባቢ የዱሩ የአበባ ብናኝ በነፋስ ከመጣ ዘሩ ይበከላል። ቶሎ እንዲያብብ የሚያደርገው ጂን ገዢ ስለሆነ አንዱ ብቻ ይበቃል። ገበሬው በደህና ዘር የዘራ ይመስለዋል። አንዳንዱ ተክል ግን ረጅም አገዳ አውጥቶ ያብባል፣ ሥሩ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ካልተነቀለ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈሳል። ያ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስኳር ቀይ ሥር መዝራት የተዉበት ማሳ አለ በዚሁ ምክንያት።

ስለዚህ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ድንች ስታዩ «ውይ ሲያምር» አትበሉ። ንቀሉት።

የእግር መንገድ

ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም፣ አመሰግናለሁ። አሁን የሆዴን ልጠይቅ። ይበላሉ? ዱባው በጣም ያምራል።

ቅጠል በል

ዱባ ዱባ ነው ወንድሜ፣ ቆርጠህ አብስለው። ማንም ፀረ ተባይ ያልረጨበት ንጹሕ ነገር አግኝተህ ምን ትጠይቃለህ።

ሐኪም ነኝ

ቅጠል በል፣ ይህን ምክር አንሣልኝ። ዱባና ዝኩኒ ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የዱር ዱባዎች ኩከርቢታሲን የሚባል በጣም መራራ መርዝ አላቸው። በምንዘራቸው ዓይነቶች ውስጥ በምርጫ ብዛት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዱባ በንብ አማካይነት በቀላሉ ይዳቀላል። ለጌጥ ከሚተከለው መራራ ዱባ ጋር ከተዳቀለ የዘንድሮው ፍሬ ምንም አይሆንም። ከዚያ ፍሬ ዘር የሚበቅለው የሚቀጥለው ትውልድ ግን መራራ ሊሆን ይችላል። ወፍ ዘራሽ ዱባ ደግሞ አባቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። ምግቡ እንደመረረ ታውቆ ነበር፣ ግን በሉት። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም።

ስለዚህ ካልቀረ ከጥሬው በጣም ትንሽ ቁራጭ ምላስህ ላይ አድርግ። ከመረረ ትፋውና ፍሬውን ጣለው። «ትንሽ መረር ይላል፣ ጨው ይስተካከላል» የሚባል ነገር የለም።

ቅጠል በል

እሺ ዶክተር፣ ተነሣ። ግን ትንሽ አላጋነንከውም? ስንት ሰው ከቆሻሻ ላይ የበቀለ ዱባ በልቶ ደህና አለ።

ሐኪም ነኝ

ደህና የሆነው ያልመረረውን የበላው ነው። አትብሉ አላልኩም፣ ቅመሱ ነው ያልኩት።

በዱባው ከተነሣን አይቀር ካሮትና ፓርስኒፕ ይጨመሩ። የዱር ካሮት ሥሩ ነጭና ቀጭን ነው። ከሄምሎክ ጋር ግን አበባቸው በጣም ይመሳሰላል። ሄምሎክ ሶቅራጥስ ጠጥቶ ሞተበት የሚባለው መርዝ ነው። የካሮት አገዳ ፀጉራም ነው። የሄምሎክ ለስላሳ ሆኖ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ ሽታውም ደስ አይልም። ይህን በመጻፌ ግን ሄዳችሁ እንድትለዩ አልፈልግም። ሁለቱን በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ከዚህ ቤተሰብ ምንም ከሜዳ አትብሉ። ፓርስኒፕን ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትንቀሉት። ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል፣ ጠባሳውም ወራት ይቆያል።

አረም ቆጣሪ

ቦታውንም አትርሱ። ከፍሳሽ ዝቃጭ የበቀለ ቲማቲም ከባድ ብረቶች ካሉበት አፈር ላይ ሊሆን ይችላል። የመንገድ ዳር ቅጠል ላይ የመኪና ጢስና የጎማ ብናኝ አለ። ፍሬው ሲያዩት ቢያስጎመጅም ለእኔ ፎቶ ይበቃዋል።

ጓሮ አደር

ዘሩን ወስዶ ቤት መትከልስ? ያገኘሁት ቲማቲም ጠንካራ ሳይሆን አይቀርም፣ ራሱን ችሎ በቅሏል እኮ።

የዘር ሳጥን

መሞከር ትችያለሽ እህቴ፣ ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከዱባ ይሻላል። ግን ገበያ ላይ ያለው ቲማቲም ብዙው የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ ነው። ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። አንዱ ትንንሽ ያፈራል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ውሃ ውሃ ይላል። ደስ የሚል ነገርም ሊወጣ ይችላል። «ራሱን ችሎ በቅሏል» የሚለው ግን ብዙ አይነግርሽም። ጥሩ ቦታ ላይ ወድቆ ይሆናል። ጥንካሬውን የሚያሳይሽ ልጆቹ ያለ አንቺ እርዳታ በዚያው ቦታ መልሰው ከበቀሉ ነው።

ተከራካሪው

የዱር ጎመኑን ጉዳይ ማንም አላነሣም። በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በስፔን የባሕር ገደሎች ላይ የሚበቅል ጎመን አለ። ለረጅም ጊዜ የጎመን ሁሉ አያት ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ነገሩን አዙሮታል። ለምንበላው ጎመን ይበልጥ የሚቀርበው በምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ በኤጂያን አካባቢ ያለው ዘመድ ነው ይላል። ገደሉ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ከጓሮ ያመለጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። አያት የተባለው የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የዘር ሳጥን፣ ጎመን በጣም ርቆ ሄዷል ብለህ ነበር፣ ይሄን እንዴት ታየዋለህ?

የዘር ሳጥን

ያልኩት ስለ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ነው። ቅጠሉ ተበትኖ የሚያድገው ጎመን ያን ያህል አልራቀም። ገደሉ ላይም ራሱን የጠቀለለ ጎመን አታገኝም። በተጨማሪ የባሕር ገደል ጨውና ድንጋይ ስለሆነ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። አንተው ያልከው የመሬቱ ነገር እዚህም ይሠራል።

የእግር መንገድ

ከዚህ በኋላ ሳይ ምን ልመዝግብ? ፎቶ ብቻ ይበቃል?

አረም ቆጣሪ

ፎቶ ላይ ቅጠሉ፣ አገዳው፣ አበባው ወይም ፍሬው ለየብቻ ይታይ። ከራቅ ብለህም አንድ አንሣ፣ የቆመበት መሬት ይታይ። ጠጠር ነው? የተደፋ አፈር ነው? የመንገድ ትከሻ ነው? ቀኑን ጻፍ። ስንት ተክል እንዳለ ቁጠር። አንድ ብቻ ከሆነና ሃያ ከሆነ ትርጉሙ ይለያያል። አስፓራገስ ካገኘህ ቀና ብለህ እይ። ቀይ ፍሬውን ወፍ ስለምትበላው አጥር ወይም የስልክ ሽቦ ሥር ማግኘት የተለመደ ነው። ዋናው ግን በዓመቱ ወደዚያው ቦታ መመለስህ ነው። ከጠፋም «የለም» ብለህ መዝግበው። ብዙ ሰው ያየውን ብቻ ይጽፋል፣ መጥፋቱን የሚጽፍ የለም። አላፊ ይሁን የለመደ የምንለየው ግን በዚያ ነው።

ማሳ ጠባቂ

ድንቹን ከመዘገብክ በኋላ ንቀለው ብያለሁ።